ዳማ ከግቢ አይወጣም

የታመመ ሰው ሲለምን እሺ ማለትን የመሰለ ቀላል ነገር የለም። ጋሽ ዱጉማ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ልጃቸው ቤት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው፣ «ፋጡ፣ የሞትኩ ዕለት ፈረሱን ዳማን ለቅሶዬ ላይ ታዞሪልኛለሽ?» ሲሉኝ፣ «ኧረ ጋሽ ዱጉማ፣ ገና እርስዎ እኔን ይቀብሩኛል» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «እሺ በይኝ» አሉ። እሺ አልኩ። ምላስ አይከፈልበት።

አርብ ማታ አረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ጋጣ እየጠረግሁ ሳለ ልጃቸው ሌንሳ ደወለች። እጄ ፋንድያ ስለነበር ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ አነሳሁት።

«እትዬ ፋጡ፣ አባዬ አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ከዚያ፣ «ሽማግሌዎቹ ከነጋ ጀምሮ ፈረሱስ እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?» አለች።

«ይመጣል በያቸው» አልኳት።

እዚህ አቃቂ ዙሪያ፣ ኮንዶሚኒየሙ ከመብቀሉ በፊት በነበሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ዘንድ፣ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል። የሟቹ ጋቢና ዱላ ኮርቻው ላይ ይታሰራል፤ ሰው ሳይቀመጥበት ለቅሶተኛውን ይዞራል። አልቃሹ ሟቹን እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራውም። በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ ጋሽ ዱጉማ አባ ዳማ ናቸው። ዳማው ከሌለ አልቃሹ ባዶ ሜዳ ላይ ማንን ይጠራል? ፈረሰኛ ያለ ፈረሱ ከተቀበረ ወዳጅ ያጣ ሰው ነበር ይባላል፣ ለልጁም የማይለቅ ሐፍረት ነው። እኔ ወሎዬ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ በእኛ ቀብር ፈረስም ጩኸትም የለም። ግን አብሮ የኖረ ሰው የጎረቤቱን ነውር ማወቅ አለበት።

ችግሩ ዳማ የጋሽ ዱጉማ አለመሆኑ ነው። መጀመሪያ የመንግሥት ነበር፣ ቀጥሎ የማንም አልነበረም፣ አሁን ደግሞ የፈረስ ግልቢያ ማዕከሉ ነው።

ይህ ግቢ የጦር ነበር። እኔ መጀመሪያ የገባሁት ባለቤቴ ኸሚስ በኤንትሬ ድርቆሽ ሲያመላልስ፣ በቀን ሠራተኝነት ላወርድ ነው። ያኔ አጥሩ ሽቦ ነበር፤ ከውጭ የሚያልፍ ሁሉ ፈረሶቹን ያያል፣ ፈረሶቹም የሚያልፈውን ያያሉ። ወታደሩም ፈረሱም በአንድ ፉጨት ይነሳሉ፣ በአንድ ፉጨት ይበላሉ። አሥር አለቃ ዱጉማ ፈረስ አሠልጣኝ ነበሩ። ለፈረስ የሚያወሩትን ሩብ ለሰው አያወሩም። ሚስታቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ልጓም ካላደረግሁ አይሰማኝም» እያለች ትስቅ ነበር። ስትስቅ ግን ዓይኗ አይስቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ፈረስ አያስፈልግም ተባለ። ወታደሩ መኪና ላይ ተጭኖ ሄደ፣ ፈረሱ ቀረ። የተሸጠው ተሸጠ። ዱከም መንገድ ላይ አንዱን ጋሪ ሲጎትት አግኝቼዋለሁ፤ የጦሩ ማኅተም ጭኑ ላይ እንዳለ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተቆልሎበት። ባለጋሪው ሲገርፈው አላስቻለኝም፣ ሰደብኩት። እሱም ሰደበኝ። ያልተሸጡትን ጋሽ ዱጉማ ያዙ። ማን ያዝ አላቸው? ማንም። ደመወዙ ቆሞ እንኳ ከራሳቸው ማሳ ጭድ በአህያ እየጫኑ ያበሉ ነበር። በኋላ ማሳው ለኮንዶሚኒየም ተወሰደ። ጭዱም ከማሳው ጋር ሄደ፣ ፈረሶቹ አንድ በአንድ አለቁ። ጅብ ሳይደርስባቸው ልቅበር ብለው ጋሽ ዱጉማ ሲቆፍሩ አካፋ አቀብል የነበርኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ባለሀብት መጣ። ባለሀብት ሲመጣ መጀመሪያ ቀለም ይቀባል። በረቱ ነጭ ሆነ፣ የወታደር መሰለፊያው ሜዳ አሸዋ ተደፋበት፣ የሽቦው አጥር ከራሴ በላይ የሆነ ግንብ ሆነ። በሩ ላይ «ታሪካዊው የፈረሰኞች ግቢ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ነገሥታት እዚህ ጋልበዋል ይላል። የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። ከውጭ አዳዲስ ፈረሶች ገቡ። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣ የሀብታም ልጆች ቆብ አድርገው ይጋልባሉ። እኔ እጠርጋለሁ። ጌታው ሲለወጥ ፋንድያው አልተለወጠም።

ከጦሩ ፈረሶች የቀረው ዳማ ብቻ ነበር። ባለሀብቱ ከግቢው ጋር ወረሰው። ጀርባው ጎድጉዷል፣ አንድ ዓይኑ ደመና ለብሷል፣ ግን ገር ስለሆነ ሕፃናቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ስሙን ካራሜል አሉት። ጋሽ ዱጉማም ልጆቹን እያስቀመጡ ገመድ የሚይዙ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። አሥር አለቃው። ካራሜል ብለው ሲጠሩት ግን አንድም ቀን አልሰማሁም፤ «ና» ብቻ ይሉታል።

ጠረጋዬን ትቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጃችን እድላዊት ናት። ልጄ ብትሆን የምትደርስ ናት፣ መጥፎ ልጅም አይደለችም። ስትጨነቅ ፈረሶቹ ጋ ሄዳ ግንባሯን አንገታቸው ላይ ታስደግፋለች። ያን ዕለት የአንዲት ሚራክል የምትባል ሕፃን ልደት ስለነበረ ቢሮዋ በፊኛ ታፍኗል።

«እድሌ፣ ጋሽ ዱጉማ አረፉ።»

«ሰማሁ እማማ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ እውነቷን ነው።

«ዳማን ለቅሶው ልወስደው ነው። ቀስ ብዬ እየጎተትኩ። ከቀብር በኋላ እመልሰዋለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ፈረስ ከግቢ አይወጣም። ያውቁታል እኮ።»

አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ነጭ ባዝራ ለሰርግ ወጥታ ቃሊቲ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ገጫት። አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ፣ የባዝራዋን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ እስክትሞት የጠበቀችው እድላዊት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ማንኛውም ፈረስ ከግቢ እንዳይወጣ ብሎ ወረቀት ለጠፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ለባለቤቱ ደውይለት» አልኳት።

ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሰውዬው ሳይቆጣ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «ያሳዝናል። ጥሩ ሰው ነበሩ። ጉንጉን አበባ ይላክላቸው። ፈረስ ግን አይወጣም» አለና ዘጋው።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አልኩ። ለሱ ነበር የወረወርኩት፤ እሷን መታት።

«እማማ፣ እኔ ብባረር ግድ የለኝም» አለች። «ግን ቱሉ ዲምቱ ድረስ ባጃጁን፣ ሲኖትራኩን፣ ኮንቴይነር የጫነውን ሁሉ አልፎ፣ በአንድ ዓይኑ? መንገድ ላይ ቢሞት ጋሽ ዱጉማ ደስ ይላቸዋል? ነጩን ፈረስ፣ በረዶን፣ በመኪና አስጭኜ ልላክልዎት። ለሱ ፈቃድ እለምናለሁ።»

«በረዶ የማነው? ጋሽ ዱጉማ አባ በረዶ ናቸው እንዴ?»

«ዳማን ደግሞ በመኪና ላስጭነው ብል ያን መወጣጫ በዚያ እግሩ አይወጣውም።»

የሚያደክመኝ ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢከለክለኝ እሰድበውና ይወጣልኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የደከምኩት ግን በክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲህ ልክ በሆነ ሰው ነው።

ወጣሁና የድርቆሹ ክምር ሥር ቆሜ ለሌንሳ ደወልኩ። አልተፈቀደም አልኳት። አልጮኸችም፣ አልወቀሰችኝም። «እኔም ድሮውኑ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ውሃ ቀዝቅዞ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አስከሬኑ በየት ነው የሚያልፈው?» አልኳት።

«በእናንተ በር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ መንገድ የለም።»

«እንግዲያው ወደ ግቢው አግቡት።»

ከአፌ አመለጠኝ እንጂ አስቤበት አልነበረም። ከወዲያ ማዶ ግርግር ሆነ፣ ስልኩን አንድ ሽማግሌ ነጠቋት። «ፈረስ ወደ ሬሳ ይሄዳል እንጂ ሬሳ ወደ ፈረስ ሲሄድ የት አይተሻል?» ብለው ጮኹብኝ።

«አባቴ፣ ማሳ ኮንዶሚኒየም ሲሆንስ የት አይተው ነበር?» አልኳቸው።

ከኋላቸው የድንኳኑ ጫጫታ ይሰማኛል። ቆይተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፈረሱን ጭነሽ ጠብቂ» አሉኝ።

ለእድላዊት ስነግራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ወረቀቱ ፈረስ አይውጣ ነው የሚለው፤ ሬሳ አይግባ አይልም» አልኳት። ሳቋ ነው ለቅሶዋ ሳይለይ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተነስታ የልደቱን እናት ልትለምን ሄደች። ሴትዮዋ ደንግጣ ብዙ ተከራከረች። በመጨረሻ፣ ሙዚቃው እንዲጠፋ ተስማማች። ልጆቹ ከአሸዋው ሜዳ ዳር፣ ከዳሱ ሥር እንዲቀመጡ ሆነ።

የጋሽ ዱጉማን ጋቢና ዱላ ጋሽ ወልደገብርኤል ቀድመው ይዘው መጡ። የጦሩ ጓዳቸው ናቸው፤ አሁን ሳሪስ አቦ ልብስ ሰፊ ሆነዋል። ዳማን አጠብኩት፣ ጋማውን አበጠርኩት። እሳቸው ከዕቃ ቤት አሮጌ የጦር ኮርቻና ልጓም ፈልገው አምጥተው ጫኑት። ሲያጠብቁ እጃቸው አልረሳም፣ በመካከል ግን ሁለት ጊዜ አረፍ አሉ። ጋቢውን ኮርቻው ላይ አነጠፍነው፣ ዱላውን በጎን አሰርነው። ዳማ ጋቢውን አሸተተና ዝም ብሎ ቆመ።

መጀመሪያ የእድሩ ጡሩንባ ተሰማ። በሩ ወለል ተደርጎ ተከፈተ። ቄሱ በጥላ፣ ከኋላቸው ሳጥኑ በእድርተኞች ትከሻ፣ ከዚያ ነጠላ የዘቀዘቀ ሰው ጎረፈ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ዙሪያቸውን አዩ፤ ነጩን በረት፣ አሸዋውን፣ ሮዝና ቢጫ ፊኛውን፣ ኬኩ ፊት የተቀመጡትን ልጆች። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ድሮ እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ሜዳው በፈረስ ይሞላ ነበር። ዛሬ ከነሱ ማንም ፈረስ የለው፤ ያለው ይኸው በልመና የተገኘ አንድ ፈረስ ነው።

ሳጥኑን መሀል አሸዋው ላይ አሳረፉት። አልቃሹ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ድምፃቸውን ለቀቁት። በኦሮምኛ ነው፤ ሁሉን ባልሰማም አባ ዳማ ሲሉ ሰማሁ። ገመዱን ይዤ ዳማን አዞር ጀመር። ሌንሳ ከሳጥኑ ራስጌ ቆማለች። አላለቀሰችም። ዓይኗ ፈረሱን ይከተላል፣ በፍቅር ግን አይደለም። ልጅ ሆና ኩፍኝ ይዟት አባቷ ጋጣ እንዳደሩ አንድ ጊዜ ነግራኛለች።

ዞረን ከሳጥኑ አጠገብ ስንደርስ፣ ፀሐይ የመታው አንድ ፊኛ ጧ! ብሎ ፈነዳ።

ዳማ ወደቀ። ወደቀ ልበል እንጂ አወዳደቁ የውድቀት አልነበረም። የፊት ጉልበቱን አጠፈ፣ የኋላውን ሰበሰበ፣ ከሳጥኑ ጎን በሆዱ ተኛና አንገቱን አሸዋው ላይ ዘረጋው። ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ግቢው በጩኸት ተናጋ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ሽማግሌዎቹ እንኳ ጮኹ። «እዩ! ፈረስ አለቀሰ! ፈረስ ለጌታው ተኛ!» እድላዊት በሩጫ መጥታ «ልቡ ነው! ልቡ ቆሞ ነው!» ብላ ተንበረከከች። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ገደልኩት ብዬ ነው ያሰብኩት። አንድ እሺ ለማለት ብዬ ገደልኩት።

ጋሽ ወልደገብርኤል ጆሮዬ ስር መጡ። «አልሞተም። ተኩስ መስሎት ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ተኩስ ሲሰማ ይተኛል፣ ወታደሩ ከጀርባው ተጋድሞ ይተኩሳል። ዱጉማ ነው ያስተማረው። እኔ እንኳ የሚያስታውስ አልመሰለኝም ነበር።»

ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ግቢ ኖሬ አንድም ቀን አላየሁም። ጦሩ ከሄደ በኋላ ጋሽ ዱጉማ አላሠሩትም። ለልደት ማጫወቻ እንዳያደርጉት ይሆናል።

«ታዲያ ያስነሱት!» አልኳቸው።

«በእኔ አይነሳም። በማንም አይነሳም። አብሮት የተኛው ሰው ሲነሳ ነው የሚነሳው። ሲነሳም ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፤ እስኪቀመጡበት ንቅንቅ አይልም።»

ሁለታችንም እኩል ሳጥኑን አየን።

ከዚያ ጋሽ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለሚያለቅሰው ሕዝብ ነገሩ ሥልጠና መሆኑን ሊያስረዱ እጃቸውን አነሱ። ወታደር እውነት ይወዳል። ክንዳቸውን ቆነጠጥኳቸው። «ዝም ይበሉ!» አልኳቸው፣ «በአላህ ዝም ይበሉ!» ደነገጡ፣ እጃቸውንም አወረዱ።

ምን ልዩነት አለው? እኔ ኸሚስ የሞተ ጊዜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሻሼን ነክሼ አለቀስኩ፤ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ። እነዚህ ሴቶች ደረት ይመታሉ፣ እንደዚያ ነው የተማሩት። ሳይማር ያለቀሰ ማን አለ? ዳማ ደግሞ መተኛት ተማረ። ያስተማሩት ሰው ሲያስተምሩት ስንት ክረምት አብረውት ጭቃ ላይ እንደተኙ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሌንሳ መጣች። ቀስ ብላ ዳማ አጠገብ ተንበረከከችና እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። «አንተ ነህ የወሰድክብኝ» አለችው። ተቆጥታ አይደለም። ከዚያ ራሷን ጋማው ላይ ጣለችና ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ለቀቀችው። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ያኔ፣ ይህ ጉድ የደረሰው ለሷ ይሁን ለሟቹ እንጃ፣ ወደ ግቢው መምጣታቸው ደስ አለኝ።

ቄሱ ሰዓት ሄደ አሉ። እድላዊት የዳማን ትንፋሽ እያዳመጠች፣ «እንዲህ ከቆየ እግሩ ደም አጥቶ መነሳት ያቅተዋል» አለችኝ። ፈርታለች።

«ጋሽ ዱጉማን አንሱ» አልኩ ጮክ ብዬ። «አንሷቸው፣ እሱም ይነሳል።»

እድርተኞቹ ሌንሳን አቅፈው አነሷት። ጎንበስ ብለው ሳጥኑን ያዙ፣ ወደ ትከሻቸው አወጡት። ዳማ አንገቱን ቀና አደረገ። ደህና ዓይኑ ያለበትን ወገን አዙሮ ሳጥኑን አየው። የፊት እግሩን ዘርግቶ ገፋ፤ አሸዋው ከዳው፣ መልሶ ወደቀ። እንደገና ገፋ፣ የኋላው ተንቀጠቀጠ፣ በደረቱ ተመለሰ። «ተው የኔ ጌታ፣ ተነስ» አልኩት፤ እያለቀስኩ መሆኑን ሰው ነግሮኝ ነው ያወቅሁት። ሦስተኛውን እንዴት እንደተነሳ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ብቻ ቆመ። ጎኑ በላብና በአሸዋ ተለውሷል፣ ጋቢው ተንሸራትቶ አንድ ወገን ተንጠልጥሏል።

ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ፣ ሳጥኑ ወደ በሩ አመራ። ጋሽ ወልደገብርኤልም ከጓዳቸው ጋር ሄዱ። እኔ ቢያንስ እስከ በሩ ልሸኛቸው ብዬ ገመዱን ሳብኩ። ዳማ ጎኑን ሰጥቶ እንደቆመ ቀረ። ሳብኩ፤ እንደ ግንድ ነው። በሩ ላይ የመጨረሻዎቹ ሴቶች እየወጡ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እድላዊት።

«ሰው እስኪቀመጥበት እየጠበቀ ነው።»

ከዳሱ ሥር ሚራክል ተነስታ «እኔ ልቀመጥ?» አለች፤ እናቷ እጇን ይዛ መለሰቻት። ዛሬስ በዚህ ጋቢ ላይ ልጅ አይቀመጥም። ለቅሶተኛው ሄዷል። እድላዊት በዚህ ሥራ ልብሷ፣ በዚህ ፍርሃቷ፣ አትሆንም። ዙሪያዬን ብፈልግ የቀረሁት እኔው ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ከፈረስ ሥር ስጠርግ ኖሬ አንድ ቀን ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ማን ጠይቆኝ?

«ወንበር አምጪልኝ» አልኳት።

የልደቱን ፕላስቲክ ወንበር አመጣች። ጉልበቴ እሺ አላለም፣ ከታች በትከሻዋ ደግፋ ገፋችኝ፣ ቀሚሴ እርካቡ ላይ ተጠመጠመ፤ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ የምንሞትበት ነገር ነበር። ጋቢውን አስተካክዬ፣ «ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ዳማ ከሥሬ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ከላይ ሆኜ ከግንቡ ወዲያ ታየኝ። ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ከዚህ ግቢ መንገዱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሳጥኑ በሰው መሀል ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ባጃጆቹ ዳር ይዘዋል፣ አንድ ሲኖትራክ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል፣ ሹፌሩ ወርዶ ቆቡን ይዟል። የሌንሳ ጥቁር ሻሽ ከሁሉ ፊት ነው።

እድላዊትም በበሩ በኩል የማየውን አየች። ወደ በሩ ሄደች። ዘበኛው ሊዘጋ የጀመረውን መዝጊያ በእጇ ይዛ መልሳ ከፈተችው። «ይሂዱ እማማ» አለችኝ። «መንገዱ ቆሟል። ይድረሱበት። እኔ እጠየቃለሁ።»

ልጓሙን ወደ በሩ አዞርኩ። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ፣ እውነቴን ነው። ዳማ አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ቀጥ ባለ የሰልፍ እርምጃ ወደ ጋጣው መራኝ። ሳብኩት፣ አልሰማኝም። ሳብኩት፣ ከዚያ ተውኩት። ወደ መቃብር የሚሄደው ፈረስ የኔ ሐሳብ ነበር። እሱ ተኛ የተባለውን ተኝቷል፣ ሲነሱ ተነስቷል፣ ሰው አስቀምጧል፤ ሥራው አልቋል፣ ቤቱ ይገባል። የጋጣው ጉበን እንዳይመታኝ ጎንበስ አልኩ።

ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። ልጓም እንዳለበት ድርቆሹን ይጎትት ጀመር። መውረድ አልችልም፣ የሚያወርደኝም የለም። አንገቱ ላይ ተደፋሁና ሻሼን ሳልነክስ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ጮኼ አለቀስኩ። ለጋሽ ዱጉማ፣ ለኸሚስ፣ ቆፍረን ለቀበርናቸው ፈረሶች፣ ለዚህ ለማያልቅ ድካሜ። ከሜዳው የልደቱ ሙዚቃ ተከፈተ፣ እንዲያውም ማንም አይሰማኝም ብዬ ይብሱን ጮህኩ።

እድላዊት ወንበሩን ይዛ መጣች። ከሥሬ አስቀመጠችውና እጇን ዘረጋችልኝ። «ይውረዱ እማማ፣ ደክሞዎታል።»

«ቆይ ልጄ» አልኳት። «ኸሚስ የሞተ ጊዜ ለቅሶ በቅጡ ሳልቀመጥ በሦስተኛው ቀን ድርቆሽ አወርድ ነበር። ትንሽ ልቀመጥ።»